ጌጁ የማይነግረን ከፍታ

የማኪያቶ ማሽን ቦይለር ላይ ያለችው ትንሽ ጌጅ 1 ባር ስታሳይ አብዛኛው ሰው "ልክ ነው" ብሎ ያልፋል። የማሽኑ መመሪያም የሚለው እሱኑ ነው። መመሪያው የተጻፈው ግን ጣሊያን ነው፤ ሚላን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 120 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጌጅ የሚያሳየን ቦይለሩ ውስጥ ያለውን ግፊት በሙሉ አይደለም፤ ከውጭው አየር ግፊት የሚበልጠውን ያህል ብቻ ነው። ሚላን ላይ ጌጁ 1 ባር ሲል ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 2 ባር ያህል ይሆናል፤ ውሃውም 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ያችው 1 ባር እዚህ ከ1.8 ባር በታች የሆነ ጠቅላላ ግፊት ማለት ናት፤ ውሃውም 116 ዲግሪ ላይ ይቆማል። መርፌዋ ያለችው እዚያው ነው፣ ሙቀቱ ግን አራት ዲግሪ ወርዷል።

እኔ የቡና ማሽን እጠግናለሁ፣ አስተካክላለሁም። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጥገና የተበላሸውን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ማስተካከል ግን ምንም ያልተበላሸ ማሽን ከቆመበት ቦታ፣ ከሚጠጣው ውሃ፣ ከሚደርሰው መብራትና ከሚቀዳለት ሰው ምላስ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው። በሙያችን ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ማስተካከል የሚያስፈልገውን ማሽን ስንጠግን ነው።

ቦሌ አካባቢ ያለች አንዲት ቡና ቤት የገጠማት ይኸው ነበር። ባለቤቷ ገና ከበር ሲቀበሉኝ "ጋሼ፣ መፍጫው ነው፤ ጥርሱን ቀይርልንና እንገላገል" አሉ። ቡና አቅራቢ ቀይረዋል፣ ባሬስታም ቀይረዋል። ማሽን ቡና እንዲቀዳልኝ ጠይቄ ቀመስኩ። ምላስ ጫፍ ላይ ይኮመጥጣል፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይመራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ አንድ ታሪክ ይነግራሉ፤ ውሃው በቂ ሙቀት የለውም፣ ባሬስታው ደግሞ ይህን በመፍጫው ሊያካክሰው ሞክሯል። ቡናው ሲቀጥንበትና ሲኮመጥጥበት አጥብቆ ይፈጫል። ያኔ ቡናው መውረድ ትቶ መንጠባጠብ ይጀምራል፣ ኮምጣጣነቱ ሳይጠፋ ምሬት ይጨመርበታል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። በእጁ ያለችው አንዲት ብሎን የመፍጫው ስለሆነች እሷኑ አዞራት።

መፍጫውን አልነካሁትም። መጀመሪያ የማስተንፈሻ ቫልቩ እንደሚሠራና ለስንት ባር እንደተሠራ አየሁ፤ ይህ ሳይታይ የቦይለር ግፊት ከፍ ማድረግ የሰው ፊት አጠገብ ፈንጂ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ የግፊት መቆጣጠሪያዋን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ጥቂት እያዞርኩ ጌጁን 1.25 ላይ አደረስኩት። በእኛ ከፍታ 120 ዲግሪ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ እስኪረጋ ጠብቀን መፍጫውን ላላ አደረግነውና እንደገና ቀዳን። ክሬማው ወፍሮ መጣ፣ ኮምጣጣነቱም ሄደ። ጥርሱ ገና ብዙ ኪሎ የሚፈጭ ጥርስ ነበር።

ከፍታ የሚያጭበረብረን በዚህ ብቻ አይደለም። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ የቡናው ውሃ በቦይለሩ ውስጥ በሚያልፈው ቱቦ ቆይቶ ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ ቡና ከመቅዳታችን በፊት ጥቂት ውሃ እንድናፈስ እንመከራለን። ከባሕር ወለል አጠገብ የሚሠራ ሰው የሚሰጠው ምክር "ፉጨቱ እስኪቆም አፍስስ፣ ከዚያም ትንሽ ጨምር" የሚል ነው። እዚያ ፉጨቱ የሚቆመው ውሃው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ትንሿ ጭማሪ ወደ 93 ታወርደዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ፉጨቱ ሲቆም እኛ ደርሰናል። ጭማሪዋን ካፈሰስን አልፈነው ሄድን ማለት ነው። ይህን የሚያስተምር መመሪያ በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ በቴርሞሜትር አንድ ሲኒ ውሃ የለካ ሁሉ ግን ያገኘዋል።

ስለ መብራት ደግሞ ልንገራችሁ። ማታ ማታ ደንበኛ ሲበዛ "ማሽኑ ደከመ" የሚል ስልክ ይደወልልኛል። የደከመው መብራቱ ነው። የማሞቂያው ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬ ነው የሚወርደው። በ220 ቮልት 3,000 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ 180 ቮልት ሲደርሰው ወደ 2,000 ዋት ይወርዳል። ሲሶው ጉልበት ሄደ ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ግፊቱን ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ ጠዋት መብራቱ ሲመለስ ሌላ ማሽን ይሆንባችኋል። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ ከሩቁ ጀምሬ ወደ ሲኒው የምመጣው። መጀመሪያ መብራትና ውሃ፣ ቀጥሎ የቦይለሩ ሙቀት፣ ከዚያ 9 ባር መስጠት ያለበት ፓምፕ ይታያል፤ መፍጫው በመጨረሻ ነው። ባሬስታ ግን ከሲኒው ነው የሚጀምረው፤ የሚነካውም መጀመሪያ የሚያገኘውን ነው።

ጎረቤታችን ያለ ጋራዥ ውስጥም ያው አየር ነው የሚሠራው። የድሮዎቹ ላዳዎችና ቮልስዋገኖች ካርቡሬተር ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ያው ሆኖ ስለሚቀር ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናው ዳገት ላይ ያጉረመርማል። ለአዲስ አበባ በደንብ ተስተካክሎ ወደ ጅቡቲ የወረደ መኪና ደግሞ በተራው ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። ጥሩ መካኒክ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናው የት የት እንደሚሄድ ነው። የክራር ተጫዋችም እንዲሁ ነው፤ ትዝታም ይሁን አንቺሆዬ፣ ክሩን የሚያጠብቀው አብሮት ለሚዘፍነው ሰው ድምፅ ነው። የስልክ መቃኛ መርፌ "ከቦታው ወጥቷል" የምትለው ድምፅ በእነሱ ጆሮ ልክ ሊሆን ይችላል።

አሁን በሁሉም ሙያ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ገብቷል፤ "ጋሼ፣ ሥራችሁን ሊወስደው ነው አይደል?" የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ማሽን ራሱን ማስተካከሉ አዲስ ነገር አይደለም። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 የእንፋሎት ሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቁ የሚሽከረከሩ ኳሶች ገጥሞለታል። በመኪናም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ጭስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ስለመጣ፣ ያ ሁሉ የካርቡሬተር ጣጣ በሂደት ለኮምፒውተር ተላልፏል። ከሁሉ የምወደው ግን የኒኮላስ ሚኖርስኪ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 መርከብ ራሷን እንድትነዳ የሚያደርግ ስሌት ሲያወጣ መነሻ ያደረገው መሪ የሚይዙ መርከበኞችን ነበር። ጎበዝ መርከበኛ መርከቧ አሁን ምን ያህል እንደሳተች ብቻ አያይም። ስትስት ምን ያህል እንደቆየችና በምን ፍጥነት እየሳተች እንደሆነም ያያል። ይህ የእጅና የዓይን ዕውቀት ቀመር ሆነ፤ ዛሬ ዘመናዊ የቡና ማሽን ውስጥ ሙቀት የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ የዚሁ ቀመር ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ግፊት ሳይሆን ሙቀት ስለሚለካ የከፍታው ስህተት አይነካውም፤ 120 በሉት፣ አዲስ አበባም ሆነ ሚላን 120 ነው። ያንን 120 መርጦ የሚያስገባ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ኤአዩን እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ይጠቅመኛልም። መጀመሪያ ላይ ስለ ቦይለር ግፊት ስጠይቀው የመለሰልኝ የመመሪያውን ቁጥር ነው። 2,400 ሜትር ላይ መሆኔን ስነግረው ወዲያው አሰበና ከላይ የጻፍኩትን ስሌት አንድ በአንድ አስረዳኝ። እኔ በሠንጠረዥና በእርሳስ የምደርስበትን በቅጽበት ደረሰበት። ዕውቀቱ ነበረው፤ የት እንደቆምኩ ግን አያውቅም። ከፍታ ቁጥር እንደሚለውጥ የማያውቅ ሰው ደግሞ ከፍታውን ለመንገር አያስብም። መሣሪያው ይበልጥ የሚጠቅመው ምን መንገር እንዳለበት ለሚያውቅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው የሚጠቅመኝ ሥርዓት ማስያዙ ነው። ብዙዎቻችን ስንቸኩል ሦስት ነገር አንድ ላይ እንነካለን፤ ቡናው ሲሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አናውቅም። ለኤአዩ የፍጭቱን ቁጥር፣ ግራሙን፣ ሴኮንዱንና የሙቀቱን መጠን ስሰጠው ቀጥሎ የቱን ብቻ መለወጥ እንዳለብኝ ይጠቁመኛል። ትልልቆቹም ቦታዎች ቁጥር ሰጥተው ቀጣዩን እርምጃ ከኮምፒውተር ይቀበላሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 የዲፕማይንድን የኤአይ ሥርዓት ለዳታ ማዕከሎቹ ማቀዝቀዣ ሲያውል ለማቀዝቀዝ የሚጠፋው ኃይል እስከ 40 በመቶ መቀነሱን አስታውቋል። እዚያ ግቡ ቁጥር ነው፤ ቆጣሪ ይነግርሃል። የዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት የብስኩት ሙከራ ግን ለእኛ ሙያ የበለጠ ይቀርባል። ኮምፒውተሩ የስኳሩንና የሌሎች ግብዓቶችን መጠን እየለዋወጠ አሠራሩን ይጠቁማል፣ ሰዎች ይጋግራሉ፣ ሌሎች ይቀምሱና ነጥብ ይሰጣሉ፣ ነጥቡ ተመልሶ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ከቀማሾቹ ነጥብ በቀር ጥሩው የቱ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የእኛ ቀማሽ ደግሞ ማን ነው? የጣሊያኖቹ ልክ 7 ግራም፣ 9 ባር፣ 25 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ይህ ለጥቁር ኤስፕሬሶ የተለካ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን አብዛኛው ሰው የሚያዘው ማኪያቶ ነው፤ ያውም አንዱ "ጠቆር ያለ"፣ አንዱ "ነጣ ያለ" ብሎ። ወተቱን ሰብሮ የሚወጣ ቡና ያስፈልገናል። ለጥቁር ቡና ጠጪ የበዛ የሚመስለው ጥንካሬ ነጣ ያለ ማኪያቶ ውስጥ ሲገባ ልክ ይመጣል። ስፕሪስ የሚያዝም አለ፤ ሻይና ቡናን አንድ ላይ የሚያስማማ ልክ ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ የጣሊያን መመሪያ አይጽፈውም፤ ኤአዩም ከተጻፈው ነው የተማረው። እኛ ካልጻፍነው ደግሞ ከየትም አያመጣውም።

እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። በዚህች ከተማ ቶሞካ ቡና ቤት ከተከፈተበት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ብቻ ብንቆጥር እንኳ ስንት የቡና ማሽን ባለሙያ አልፏል! ክረምት ሲገባ ርጥበት ያገኘው ቡና እንዴት እንደሚወርድ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ቦይለርን በስንት ጊዜ ድንጋይ እንደሚያለብሰው፣ የትኛው ጓርኒሲዮን የእኛን መብራት መጥፋትና መምጣት እንደሚችል የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ያወቁትን የጻፉ ግን አላጋጠሙኝም። ዕውቀቱ ከጋሼ ወደ ተለማማጅ በቃልና በጥፊ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ተለማማጁ ሥራ ሲቀይር ከእሱ ጋር ይጠፋል። ከዚያ ልጆቻችን ስልካቸውን ሲጠይቁ የሚያገኙት የሌላ አገር መልስ ነው። ስልኩን ልንወቅሰው አንችልም።

ስለዚህ አሁን በእያንዳንዱ ማሽን ጎን ላይ አንድ ካርድ አስራለሁ። ቀኑ፣ የቦይለሩ ግፊት፣ ቡናው የሚወርድበት ግሩፕ ላይ የተለካው ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት የነበረው ቮልቴጅ፣ የፍጭቱ ቁጥር፣ ቡናው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተቆላ፣ በመጨረሻም የቀመሰው ሰው በራሱ ቃል ምን እንዳለ ይጻፍበታል። "ኮመጠጠ"፣ "ሳሳ"፣ "አፍ ላይ ቀረ" ተብሎ በአማርኛ። የቡና ቤት ሠራተኞች መጀመሪያ ሥራ በዛብን ብለው ነበር፤ ሌላ ባለሙያ መጥቶ የነበረውን ልክ ከነካካባቸው በኋላ ግን ካርዱን ራሳቸው ነው የሚጠብቁት፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሌላ መንገድ የላቸውማ።

አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ደግሞ አንድ ደንብ አለኝ። ስልክ ከማውጣታቸው በፊት ቡናውን ይቀምሳሉ፣ የፓምፑን ድምፅ ያዳምጣሉ፣ ችግሩ ነው ያሉትን ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ ኤአዩን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፤ እኔ ያላሰብኩትን ሲያመጣ አይቻለሁና። ሁለቱ መልሶች ሲለያዩ ማን ልክ እንደሆነ የሚለየው ቴርሞሜትሩና ሲኒው ነው። አንዷ ልጅ በቅርቡ "ጋሼ፣ ስልኩ ግፊቱን ቀንሱ ይላል፣ እኔ ደግሞ ጨምሩ ነው የምለው" ብላ መጣች። "ከፍታውን ነግረሽዋል?" አልኳት። "ነግሬዋለሁ፤ የማሞቂያው ቮልቴጅ 185 መሆኑን ግን አልነገርኩትም" አለችና ተመልሳ ሄዳ ነገረችው። መልሱ ተለወጠ፤ የእሷም ተለወጠ፤ ሁለቱም ግፊቱን ሳይነኩ ስታቢላይዘር እንዲገባ ተስማሙ።