ጎንደር በሁለት ቀን፤ የጉብኝት ቅርጽና ይዘት

የአንድን ከተማ ባሕል በአጭር ጊዜ ለማሳየት የሚዘጋጅ ጉብኝት እንደ ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ ቅርጽና ይዘት አለው። የሚቀድመው፣ የሚከተለውና የሚተወው የአዘጋጁን አመለካከት ያንጸባርቃል። በመሆኑም በሂስ ሚዛን መመዘን ይገባዋል። ለዚህ ጎንደር በቂ ምሳሌ ናት።

የተለመደው የሁለት ቀን ጉብኝት አሰላለፍ የታወቀ ነው። በቅድሚያ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ይታያል፤ ቀጥሎ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት የዐፄ ፋሲል መዋኛ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1888 ከድርቡሾች ቃጠሎ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በጣሪያው ላይ ከተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ጋር። ዶሮ ወጡ፣ ጠጁና አዝማሪው ለምሽት ይቆያሉ። ሁሉም በየራሱ የሚደነቅ ነው። ጉድለቱ ያለው በአያያዙ ላይ ነው፤ ይኸውም ድንጋዩ ታሪክ ሲባል፣ ማዕዱና ዜማው ግን መዝናኛ ብቻ ሆነው መቅረባቸው ነው።

ይሁን እንጂ ማዕዱም እንደ ግንቡ የሙያ ውጤት ነው። የእንጀራው ሊጥ ከመጋገሩ በፊት ለቀናት ይቦካል፤ ቁሌቱ ያለ ጥድፊያ ይማሰላል፤ ማሩ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ ብርዙ ጠጅ እስኪሆን ድረስ ቀናትና ሳምንታት ይጠበቃል። እንግዳው ግን የሚያገኘው የተሞላውን ብርሌ እንጂ የጠጅ ጣይዋን ጥበብ አይደለም። በግንቡ ፊት ስለ ነገሥታቱ ብዙ ይነገረዋል፤ በገበታው ፊት ስለ ባለሙያዎቹ የሚነገረው ጥቂት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበው የአዝማሪው ጉዳይ ነው። የአዝማሪ ጥበብ የአንድ ሰው ትርኢት አይደለም። አድማጩ ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው እያዋዛ ለታዳሚው ይመልሳል። ሙገሳው ከሽሙጡ፣ ሰሙ ከወርቁ የሚለየው በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ ነው። አድማጩ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ አስተርጓሚም ሳይኖረው ሲቀር ግን ስንኝ ሰጪው ይጠፋል፤ የሚቀረው እስክስታውና ሽልማቱ ይሆናል። ይህም በተደጋገመ ቁጥር አዝማሪው ለማይሰማው ሰው ግጥም ማውጣቱን ወደ መተው ያዘነብላል። የግንብ መፍረስ ለዓይን ይታያል፤ የስንኝ መጥፋት ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

«ሁለት ቀን ለዚህ ሁሉ አይበቃም» የሚል ይኖር ይሆናል። ዋናው ችግር የጊዜ ማነስ ሳይሆን የምርጫ ነው። ከሚታዩት ቦታዎች አንዱን ቀንሶ ግማሽ ቀን ጠጅ ከሚጣልበት ጓዳ ማሳለፍ ይቻላል። ምሽቱንም በእንግዳውና በአዝማሪው መካከል ግጥም የሚያውቅ አስተርጓሚ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንግዳውም በበኩሉ አንድ ስንኝ እንዲሰጥ ይጋበዝ። የባሕል ባለሙያዎች፣ መምህራንና ከያንያን ለዚህ ዕውቀታቸውን ቢያበረክቱ፣ ጎብኚው ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ታዳሚ ይሆናል፤ አዝማሪውም የሚሰማው ጆሮ ያገኛል።