«ሐበሻ» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ስላለው አፈታት

«ሐበሻ» የተባለውን ቃል በርካታ ፈቺዎችና ተርጓሚዎች «ኢትዮጵያዊ» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል፤ አንዳንዶቹም «ድብልቅ ሕዝብ» የሚል ሐተታ ያክሉበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው አንድን የተለየ መጽሐፍ ሳይሆን ይህን የቆየ ልማድ ነው።

«ድብልቅ» የሚለው ፍቺ የተመሠረተው ስሙ ከዐረብኛው «ሐበሸ» (ሰበሰበ) ከሚለው ግስ ጋር ባለው የድምፅ መመሳሰል ላይ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ በ3ኛው መቶ ዓመት በሳባውያን የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ተጠቅሶ ሲገኝ የሕዝብና የአገር ስም ሆኖ እንጂ ከዚህ ትርጉም ጋር አይደለም። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ከደቡብ ዐረቢያ የፈለሰ ነገድ ስም ነው ማለቱ ይታወቃል፤ ነገር ግን ኤ. ኬ. ኧርቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ጽሑፎቹን መርምሮ ስሙ የአክሱምን መንግሥትና ሕዝብ የሚያመለክት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ሁለቱም ሐተታዎች እንደ ተረጋገጠ ነገር በመዝገበ ቃላት ሊሰፍሩ አይገባም።

«ኢትዮጵያዊ» የሚለው ፍቺ ግን ጥንታዊ መሠረት አለው። በ4ኛው መቶ ዓመት በቆመው የንጉሥ ዒዛና ሐውልት፣ ሴማዊው ጽሑፍ «ሐበሠት» በሚልበት ስፍራ ግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ይላል። ይሁንና የቃሉ ወሰን በየዘመኑና በየአገሩ ተለዋውጧል። ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዓመት «ሐበሽ» ያሉት ግዛት ምጽዋንና ሱዋኪንን ያጠቃልል ነበር። በሕንድ አገር ደግሞ እንደ መሊክ አምባር (በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተ) ላሉት ሰዎች የተሰጠው ይህ ስም በኋላ ለአፍሪካውያን በጠቅላላ ተስፋፍቷል። ስዋሂሊም «ኡሐበሺ» ሲል ኢትዮጵያን ማለቱ ነው።

በዛሬው አማርኛም ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ የለውም። «የሐበሻ ዶሮ»፣ «የሐበሻ ጽድ»፣ «የሐበሻ መድኃኒት» ስንል ስለ ዜግነት አንናገርም፤ የምንለው ያገር ቤቱን ነው፤ ትርጉሙም የሚገለጠው ከ«ፈረንጅ» ጋር ሲነጻጸር ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላም እርስ በርሳቸው በዚህ ስም ይጠራራሉ። በሌላ በኩል ቃሉ በጠባቡ ለደገኛው ሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪ ብቻ ሲነገር ይሰማል፤ ከኦሮሞ፣ ከሶማሌና ከዐፋር ወገን ስሙን ለራሳቸው የማይቀበሉም ጥቂት አይደሉም።

ጉዳዩ የቃል ክርክር ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ጥገኝነት የሚጠይቅ ኤርትራዊ «ሐበሻ ነኝ» ሲል አስተርጓሚው «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ብሎ ቢያስተላልፍ፣ ሰውየው ያላለውን ዜግነት በመዝገብ ላይ አስጻፈበት ማለት ነው። እንዲሁም ስለ አንድ የሶማሌ መንደር የተጻፈውን «የሐበሻ ሕዝብ» ብሎ የሚተረጕም ሰው፣ ነዋሪዎቹ ላልወሰዱት ስም ምስክር ይሆናል።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቃሉ በ«ሐ» ሥር ይስፈር፤ «ሀበሻ» እና «አበሻ» ብሎ የሚፈልግም ወደዚያው ይመራ። ፍቺው በአራት ይከፈል፦ ፩ኛ/ ጥንታዊ፦ የአክሱም ዘመን የሕዝብና የአገር ስም፤ ፪ኛ/ በጠባቡ፦ ሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪ ደገኛ፤ ፫ኛ/ በሰፊው፦ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ፣ ይልቁንም በውጭ አገር፤ ፬ኛ/ ቅጽላዊ፦ ያገር ቤት፣ የፈረንጅ ያልሆነ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍቺ ላይ «ሁሉም ለራሱ አይቀበለውም» የሚል ምልክት ይታከል። ማን ሐበሻ እንደ ሆነ መወሰን የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም፤ ማን፣ ማንን፣ መቼ ሐበሻ እንደሚል መመዝገብ ግን ግዴታው ነው።