እሳቱ ከጠፋ በኋላ፤ ስለ ሁለት የአሜሪካ ፍርዶች የቀረበ ትችት

ቤት ሲቃጠል የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቅ እሳት አጥፊ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ክርክሩ የሚነሣው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ይኸውም የቃጠሎውን ምክንያት የሚፈልገው ሹም በፍርስራሹ ውስጥ እስከ መቼና በምን ሥልጣን ሊመላለስ ይችላል? የሚል ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 እና በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከሚሺጋን ግዛት በመጡ ሁለት ጉዳዮች መልስ ሰጥቶበታል። ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን መልስ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ግን ጠንካራ መስሎ የላላ ነው ብሎ ያምናል።

በመጀመሪያው፣ በታይለር ጉዳይ፣ የተቃጠለው የቤት ዕቃ መደብር ነበር። በ1970 በጥር ወር እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋው አለቃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሲደርስ ሠራተኞቹ ፍሙ ላይ ውሃ ያፈሱ ነበር፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ የያዙ ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎችም ተገኝተው ነበር። የተጠራው ፖሊስ ጥቂት ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ ጢሱና እንፋሎቱ አላሠራ ቢለው ተወው፤ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ሄዱ። በነጋታው ጠዋት ተመልሰው በምንጣፉ ላይ የቃጠሎ ምልክት አገኙ፤ ከምንጣፉና ከደረጃውም ቈርጠው ወሰዱ። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሌላ መርማሪ መጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዳኛ ትእዛዝ የያዘ አንድም አልነበረም።

ዳኛ ስቱዋርት የጻፉት ፍርድ የሌሊቱን መግባት ያለ ትእዛዝ ፈቀደ፤ የጠዋቱንም በጨለማና በጢስ የተቋረጠው ሥራ ተከታይ ነው ሲል አጸደቀ፤ የየካቲቱን ግን ከዚያ ፈጽሞ የተለየ ነው ብሎ ጣለው። ዳኛ ኋይት የጠዋቱን እንኳ አልተቀበሉም። ዳሩ ግን ጢስ እስኪበተን መጠበቅ ቤቱን ትቶ እንደ መሄድ ሊቈጠር አይገባውም። ስለ ጠዋቱ የተሰጠው መለኪያ የሰዓትና የጢስ ነገር ስለ ሆነ ማንም ምስክር ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሁለተኛው፣ የክሊፎርድ ጉዳይ፣ በዴትሮይት ከተማ የደረሰ የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ነው። በ1980 በጥቅምት ወር ባለቤቶቹ ከከተማ ውጭ ሳሉ ቤቱ ተቃጠለ፤ እሳት አጥፊዎቹም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። መርማሪው በ2 ሰዓት ታዘዘ፤ ሌላ ሥራ ስለ ነበረበት የደረሰው ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ መካከል ጎረቤት ለባለቤቱ ነግሮት፣ እርሱም በኢንሹራንስ ወኪሉ በኩል ሠራተኞች አስልኮ ቤቱን በጣውላ ያስመታና ከምድር ቤቱ ውሃ ያስወጣ ነበር። መርማሪዎቹ ውሃው እስኪያልቅ ጠብቀው ያለ ትእዛዝ ገቡ። በምድር ቤቱም የነዳጅ ቆርቆሮዎችና ሽቦው ከሰዓት መቈጣጠሪያ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ድስት አገኙ። በዚህ ሳይበቃቸው ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ወጥተው መሳቢያ እስከ መክፈት ደረሱ።

ዳኛ ፓወልና ሦስት ጓደኞቻቸው በዚህ ላይ ሲፈርዱ ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። ፍለጋው ለቃጠሎው ምክንያት ከሆነ የአስተዳደር ትእዛዝ ይበቃል፤ ይህንንም ለማግኘት ምክንያቱ ያልታወቀ ቃጠሎ መድረሱን፣ ፍተሻውም በልክና በተገቢ ሰዓት የሚደረግ መሆኑን ማስረዳት ነው። ለወንጀል ማስረጃ ከሆነ ግን ወንጀል ስለ መሠራቱ በቂ ጥርጣሬ ለዳኛ መቅረብ አለበት። ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ያ ድስት ምንድን ነው? የቃጠሎው ምክንያት ነው፤ ደግሞም የወንጀሉ ማስረጃ ነው፤ መርማሪው ሁለቱን ያየው በአንድ ቅጽበት ነው። እንግዲህ ሆን ተብሎ በተነሣ እሳት ሁሉ ቀላሉ ትእዛዝ ከባዱን ማስረጃ ያስገኛል ማለት ነው። ክፍፍሉ የሚጠብቀው የላይኞቹን ክፍሎች መሳቢያ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀላል ነገር አለመሆኑን አልክድም።

ምክንያትንና ጥፋተኛን መለየት የማይቻል ነገር አይደለም። በኬሚካል ፋብሪካ ስለሚደርስ ፍንዳታ በ1990 የወጣው ሕግ የአደጋ ምርመራ ቦርድ ሲያቋቁም ለቦርዱ የመግባትና ምስክር የመጥራት ሥልጣን ሰጠው፤ የመቅጣት ሥልጣን ግን አልሰጠውም፤ መደምደሚያውም በካሣ ክርክር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ከለከለ። እዚያ የተለያየው መሥሪያ ቤቱ ነው። በዴትሮይት ግን የቃጠሎ ወንጀል ክፍል ባልደረባ የሆነው አንዱ ሰው በደረጃው ሥር ሳለ ምክንያት ፈላጊ፣ ከደረጃው በላይ ሲወጣ ወንጀል ፈላጊ እንዲባል ሆነ።

በድምፃቸው ፍርዱን የወሰኑት አምስተኛው ዳኛ ስቲቨንስ የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። ለባለቤቱ ሳይነገር ለመግባት የወንጀል ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ እንዲገኝ አስቀድሞ ከተነገረው፣ ወይም ሊነገረው ከልብ ከተሞከረ ግን ያለ ትእዛዝ መግባት ይቻላል ብለዋል። ለጥፋተኛው ማስረጃ ማጥፊያ ጊዜ መስጠት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ቤቱን ያለ ጠባቂ የተወው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነበር፤ ጎረቤቱ ሊያገኘው የቻለውንም ባለቤት መርማሪው አልጠየቀውም።