የደሴቷ ሰዎች የት ሄዱ?

ግጭቱ ከመምጣቱ በፊት የታተመ የአንድ አስጎብኚ በራሪ ወረቀት ሰሞኑን ከመጻሕፍቴ መሐል ወጣ። ከጮቄ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ፣ መንገድ መሪ ያለው የእግር ጉዞ ያስተዋውቃል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና እንደ ድርሰት አነበብኩት። ድርሰቱ ታዲያ ሰው የለበትም! ጅብራ አለ፣ ገደል አለ፣ ጉም አለ፤ ገብስ የሚያጭድ፣ በግ የሚጠብቅ ግን የለም። ጎጃም ከዓለም የተነጠለች ደሴት ሆና ተስላለች።

ደሴት መባሏ እንኳ አላስከፋኝም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ዞሮ ያቅፋታል። ክፋቱ «የተነጠለች» መባሏ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ያለችውን የጁቤን ውሰዱ። ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን እዚያው የነበረው የባሶ ገበያ በጎጃም ስመ ጥር ነበር። ከእናርያና ከሌሎቹ የጊቤ አገሮች ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ዓባይን ተሻግሮ ይመጣል። ባሪያም ይመጣ ነበር፤ ማፈሪያችን ነውና ምን ብለን እንደብቀዋለን። ከወዲህ ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርዳል። ወንዙ ክረምት ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል። ያም እኮ መሪ ያለው የእግር ጉዞ ነበር፤ መሪው ነጋድራስ ይባላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም መጥቶ ስለ ንግዱ የጻፈው ባዶ ደሴት አግኝቶ አልነበረም።

በወረቀቱ ላይ የዛሬው መንገድ መሪ ብቅ የሚለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ በክፍያው ዝርዝር፣ ከበቅሎው ቀጥሎ። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ ከምጽዋ ተነስታ በቅሎ እየሳበች አገራችንን አቋርጣ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችው መጽሐፍ የሚያነታርክ ነገር አያጣም። ግን ሰው አለበት፤ የሚያበላት፣ የሚያሳድራት፣ የሚዘርፋትም ጭምር። ተቀይመን እንኳ እንገኝበታለን።

ኧረ ይህ የቃላት ጨዋታ ነው የሚለኝ ካለ ስሜንን ያስብ። ፓርኩ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ተነስተው ወደ ደባርቅ ሄዱ። ሳሩ በከብት ተግጦ ማለቁን የሚያነሱ ባለሙያዎችን ክርክር አላጣጥልም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ በጎብኚው ዓይን ቀድሞውኑ ያልነበረ ሰው ሲነሳ «ማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። በወሎ መቄት ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ እንግዳው የሚያድረው በገበሬዎቹ ማኅበር ጎጆ ነበር፤ የሚያስተናግዱት እነሱ፣ ገቢውም የእነሱ። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስተዋውቅ ሰው ገበሬውን ሊደብቀው ቢፈልግስ እንዴት ይችላል?

ሰላም ሲወርድ ያ ወረቀት እንደገና መታተሙ አይቀርም። ጸሐፊው ብዕር ከማንሳቱ በፊት አንድ የገበያ ቀን የጁቤ ይዋል። ከቆላ በሌሊት ተነስቶ፣ አህያውን እየነዳ ያንን ዳገት የወጣውን ሰው አስቁሞ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ይጠይቀው፤ ስሙንም ጭምር።