የማይሞተው ገጸ ባሕርይ ሲሞት፦ የዳንኤል ክሬግ የመጨረሻው ጄምስ ቦንድ

እ.ኤ.አ. በ1962 በ«ዶክተር ኖ» የተጀመረውና በኢዮን ፕሮዳክሽንስ የሚመረተው የጄምስ ቦንድ የፊልም ሰንሰለት እስከ 2021 ድረስ ሃያ አምስት ፊልሞችን ሲያወጣ ስድስት መሪ ተዋንያንን አፈራርቋል፤ ከስድስቱ መካከል ግን ስንብቱ የፊልሙ ድርሰት መሠረት ሆኖ የተሠራለት ዳንኤል ክሬግ ብቻ ነው። በኬሪ ጆጂ ፉኩናጋ አዘጋጅነት የቀረበው «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ክሬግ ከ2006 ጀምሮ በአምስት ፊልሞች የተጫወተውን ሰላይ በፍጻሜው ይገድለዋል። አድናቂዎች ይህን ሞት እንደ ድፍረት ወይም እንደ ክህደት ሲያዩት ቆይተዋል፤ የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ሞቱ ከሁሉ በፊት የቅርጽ ጉዳይ ነው የሚል ነው። ፊልሙ በሰንሰለቱ ታሪክ እንደ አንድ ነገር ሲታዩ የኖሩትን የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር፣ የገጸ ባሕርይውን ስምና የተዋናዩን አካል አንዱን ከሌላው ይለያል፤ ከለያቸውም በኋላ ከሦስቱ ሟች የሆነው የትኛው እንደሆነ ለተመልካቹ ያሳያል።

ከክሬግ በፊት የነበሩት ስንብቶች በአመዛኙ ከድርሰቱ ውጭ የተፈጸሙ የውልና የንግድ ክንውኖች ነበሩ። ሾን ኮነሪ በ1967 ሚናውን ትቶ በ1971 ለ«ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር» ተመልሷል፤ በ1983ም ከኢዮን ውጭ በተሠራ ፊልም ቦንድን እንደገና ተጫውቷል። ጆርጅ ላዘንቢ በአንድ ፊልም ብቻ ተሰናበተ፤ ሮጀር ሙር በ1985 በ«ኤ ቪው ቱ ኤ ኪል» ሲሰናበት ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ደርሶ ነበር፤ የቲሞቲ ዳልተን ሚና ደግሞ ከ1989ኙ «ላይሰንስ ቱ ኪል» በኋላ በተነሣው የሕግ ክርክር ሰንሰለቱ ለስድስት ዓመታት ሲቋረጥ አብሮ ተቋረጠ። ፒርስ ብሮስናንም የ2002ቱን «ዳይ አናዘር ዴይ» የሠራው እንደ መጨረሻ ሳይሆን እንደ አራተኛ ፊልሙ ነው። ተመልካቹ የእነዚህን ተዋንያን የመጨረሻ ፊልም የመጨረሻ መሆኑን ያወቀው ከፊልሙ ሳይሆን ከጋዜጣ ነው።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ጣሊያናዊው የሥነ ምልክት ሊቅ ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ስለ ሱፐርማን ባቀረበው ጥናት እንዳስረዳው፣ በተከታታይ የሚወጣ ጀግና ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት፤ በአንድ በኩል እንደ አፈ ታሪክ ጀግና ሳይለወጥ መኖር አለበት፣ በሌላ በኩል በየታሪኩ አንድ ነገር መፈጸም ይጠበቅበታል፣ የሚፈጸም ድርጊት ሁሉ ደግሞ ዕድሜን ይቀንሳል፣ ጀግናውንም አንድ እርምጃ ወደ ሞት ያቀርበዋል። ተከታታይ ድርሰት ከዚህ አጣብቂኝ የሚወጣው በመርሳት ነው፤ አዲሱ ታሪክ ሲጀምር ያለፈው ታሪክ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ጊዜም በፊትና በኋላ የሌለው ይሆናል። ኤኮ በ1965 የኢያን ፍሌሚንግን ልብ ወለዶች በመረመረበት ሥራውም የቦንድ ታሪኮች አስቀድሞ በታወቁ እርምጃዎች የሚካሄዱ እንደ ጨዋታ ያሉ መዋቅሮች መሆናቸውን አሳይቷል። በፊልሞቹ የዚህ መርሳት ግልጹ ምሳሌ በ1969ኙ «ኦን ሄር ማጀስቲስ ሲክሬት ሰርቪስ» ማብቂያ ላይ በሠርጓ ዕለት የተገደለችው ትሬሲ ናት፤ ቀጣዩ ፊልም ቦንድን ባላንጣውን ብሎፌልድን ሲያሳድድ ያሳየዋል እንጂ የሚስቱን ስም አያነሣም። በ1981 ሙር መቃብሯ ላይ አበባ ያኖራል፣ በ1989ም ቦንድ በአንድ ወቅት ባለ ትዳር እንደነበር በጨረፍታ ይነገራል፤ ነገር ግን እነዚህ ትዝታዎች በሴራው ላይ ያመጡት ለውጥ አልነበረም።

የክሬግ ዘመን ከዚህ ልማድ የወጣው ሪቡት በሚባለው አሠራር፣ ማለትም ያለፈውን የታሪክ መስመር ትቶ ገጸ ባሕርይውን ከመነሻው እንደገና በመጀመር ነው። በማርቲን ካምቤል የተዘጋጀው «ካዚኖ ሮያል» የመግደል ፈቃድ ገና ያገኘን፣ የሚሳሳትና የሚቆስል ሰው አቀረበ፤ ፍቅረኛው ቬስፐር ሊንድ በቬኒስ ውኃ ውስጥ ስትሞትም ሞቷ በፊልሙ መደምደሚያ ሳይቀበር ወደ «ኳንተም ኦፍ ሶላስ» ተሻገረ። በ2012ቱ «ስካይፎል» የሚሞቱት የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ኤም ናቸው፤ በ2015ቱ «ስፔክተር» ደግሞ ደራስያኑ የቀደሙትን ክፉዎች ሁሉ በብሎፌልድ ሥር ለመሰብሰብ ሞከሩ። ይህ ሙከራ ትዝታን በሤራ የተካ በመሆኑ ከአምስቱ ፊልሞች ደካማው ውሳኔ ነው፤ ቦንድ የሚያዝነው ቬስፐርን ስላጣ ነው፣ ሐዘኑንም ከአንድ ድርጅት ዕቅድ ጋር ማያያዝ ጥልቀት አይጨምርለትም። ይሁንና አምስቱ ፊልሞች የሚያስታውስ ሰው ፈጥረዋል፤ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ በኤኮ አነጋገር ዕድሜው ይቆጠራል፣ ዕድሜው የሚቆጠር ሰው ሞትም በድርሰቱ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚበስል እንጂ ከውጭ የሚመጣ አደጋ አይሆንም።

ይህ መብሰል ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በደቡብ ጣሊያን በማቴራ ከተማ በተቀረጸው የመክፈቻ ክፍል ነው። ቦንድ የቬስፐርን መቃብር ሊሰናበት ሄዶ በፍንዳታ ይመታል፤ አብራው ያለችው ፍቅረኛው ማደሊን ስዋን አሳልፋ እንደሰጠችው ይጠረጥራል፤ በአስተን ማርቲን ዲቢ5 መኪና ሲያመልጡም በአንድ አደባባይ ላይ በጠላት ይከበባሉ። ጥይት የማይበሳው መስታወት በተኩስ ብዛት እየነጣ፣ ማደሊን አንድ ነገር እንዲያደርግ እየለመነችው፣ ቦንድ ምንም ሳያደርግ ይቀመጣል። የቦንድ ፊልም ሕግ አደጋ በመጣ ቁጥር ጀግናው ይንቀሳቀሳል የሚል ነው፤ እዚህ ግን አለመንቀሳቀስ ራሱ ድርጊት ይሆናል፣ የመኪናው የታወቀ የጦር መሣሪያም የጀግናው ፈቃድ እስኪመለስ ይጠብቃል። የክሬግ ትወና በዚህ ትዕይንት ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ ፊቱ ላይ የሚነበበው ፍርሃት ሳይሆን መሞት ቢመጣም ግድ የማይሰጠው ሰው ድካም ነው። በ2006 በግንብ ውስጥ ጥሶ የሚያልፈው አካል በ2021 በመኪና ወንበር ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ተመልካቹ በሁለቱ መካከል ያለፉትን ዓመታት ያለ አንዳች ማብራሪያ ያያል። የኋላው ፍጻሜ አሳማኝነት በአብዛኛው ከዚህ ጸጥታ የተገኘ ነው፤ ቦንድ መጨረሻ ላይ የሚቆመው በማቴራ ሕይወትን ንቆ እንደተቀመጠው ሳይሆን ሊኖርለት የሚገባ ነገር አግኝቶ ነው፤ የመጨረሻውን ትዕይንት አሳዛኝ የሚያደርገውም ይህ ልዩነት ነው።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ቀደም ሲል የተጠቀሱትን ሦስት ነገሮች መለየት ይጀምራል። ቦንድ ከአምስት ዓመት የጃማይካ ጡረታ ሲመለስ 007 የሚለው ቁጥር በላሻና ሊንች ለምትተወነው ለኖሚ ተሰጥቶ ያገኘዋል። ይህ ምርጫ ፊልሙ ገና ሳይታይ ብዙ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር፤ በድርሰቱ ውስጥ ያለው ሚና ግን ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ቁጥሩ የሥራ መደብ ስለሆነ ባለቤቱ ሲሄድ ለሌላ ይተላለፋል፤ ከመጨረሻው ተልዕኮ በፊትም ኖሚ ራሷ ቁጥሩ ለቦንድ እንዲመለስ ተተኪውን ኤም ትጠይቃለች። ስለዚህ ቦንድ 007 ሆኖ የሚሞተው መሥሪያ ቤቱ ስላስገደደው ሳይሆን ቁጥሩን የያዘችው ሰው በክብር ስለመለሰችለት ነው። ስሙ ደግሞ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ በፊልሙ መዝጊያ ማደሊን መኪና እየነዳች ለልጃቸው ለማቲልድ የአንድን ሰው ታሪክ ልትነግራት ስትጀምር ስሙን ትጠራላታለች። ለስድሳ ዓመት ያህል ቦንድ ራሱ ሲያስተዋውቅበት የኖረው አጠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተራኪ አንደበት ይገባል፣ ስሙም የትረካ ንብረት ይሆናል። በጠላቱ በሳፊን ደሴት ላይ በሚሳይል የሚጠፋው እንግዲህ አካሉ ብቻ ነው፤ ያ አካል ደግሞ የክሬግ ነው።

ፍጻሜው ከፍሌሚንግ መንፈስ የራቀ ነው የሚለው ትችት ልብ ወለዶቹን ባነበበ ሰው ዘንድ አይጸናም። «ፍሮም ራሻ ዊዝ ላቭ» በ1957 ሲታተም ያበቃው ቦንድ ተመርዞ ሲወድቅ ነው። በ1964 በወጣው «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» ደግሞ ብሎፌልድ በጃፓን የመርዝ ዕፅዋት ገነት ይተክላል፤ ቦንድ እንደሞተ ተቆጥሮ የሕይወት ታሪኩ በጋዜጣ ይወጣል፤ እርሱ ሳያውቅም ኪሲ ሱዙኪ ልጁን ትፀንሳለች። የሳፊን የመርዝ ገነት፣ የማቲልድ መኖርና ኤም ቦንድን ለማሰብ የሚያነቡት የጃክ ለንደን ነው የሚባለው አባባል ሁሉ መነሻቸው ይህ መጽሐፍ ነው። ፍሌሚንግ ቦንድን በሁለቱም ጊዜ በቀጣዩ መጽሐፍ መልሶ አምጥቶታል፤ ፉኩናጋና አብረውት የጻፉት ኒል ፐርቪስ፣ ሮበርት ዌድና ፊቢ ዋለር ብሪጅ ግን ደራሲው የጀመረውን እስከ ፍጻሜው ወሰዱት።

የፊልሙ ጉልህ ድክመት በራሚ ማሌክ የተተወነው ሊውትሲፈር ሳፊን ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ ቤተሰቡን ያጠፋውን የብሎፌልድን ድርጅት ስፔክተርን ለመበቀል ይነሣል፣ በቀሉም በፊልሙ አጋማሽ ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ እልፍ አእላፍ ሰዎችን ለመግደል የሚነሣሣበት ምክንያት በበቂ ሁኔታ አልተገለጸም፣ ስለዚህም ጡዘቱ የሚሸከመው የሐሳብ ግጭት ይጎድለዋል። ሄራክሊስ የተባለው መሣሪያ፣ ማለትም የአንድን ሰው የዘር ቅንጣት ለይተው የሚገድሉ በዓይን የማይታዩ ሮቦቶች፣ ድርሰቱን ወደሚፈለገው ፍጻሜ ለመግፋት የተዘጋጀ መሆኑም ያስታውቃል። ይሁንና መሣሪያው አንድ ነገር በትክክል ይሠራል፤ ሳፊን የማደሊንን የዘር ቅንጣት የያዙትን ሮቦቶች ወደ ቦንድ ሰውነት ሲያስገባ፣ ቦንድ ቢተርፍ እንኳ ማደሊንንም ልጃቸውንም መንካት የማይችል ሰው ይሆናል። በቀደሙት ፊልሞች የቦንድ ፍቅር ሁሉ መንካት ነበር፤ እዚህ መንካት መግደል ስለሆነ ፍቅር በመራቅ ብቻ ይገለጻል። ፊልሙ በ2019 ተቀርጾ በወረርሽኙ ምክንያት ለተመልካች የቀረበው በ2021 መገባደጃ በመሆኑ፣ ንክኪ አደገኛ የሆነበትን ዘመን ያለፈ ታዳሚ ይህን ሐሳብ ደራስያኑ ካሰቡት በላይ ቅርብ አድርጎ ተቀብሎታል ማለት ይቻላል።

ሙዚቃው ከሴራው ይልቅ ለፍጻሜው አሳማኝነት ሰጥቷል። ሃንስ ዚመር በ1969ኙ ፊልም ጆን ባሪ ያቀናበረውንና ሉዊስ አርምስትሮንግ የዘፈነውን ዜማ በማቴራ ጉዞ ውስጥ ያስገባዋል፤ የአርምስትሮንግ ድምፅም ራሱ ከማደሊንና ከማቲልድ ጉዞ ጋር ፊልሙን ይዘጋዋል። በ1971 የተረሳችው ትሬሲ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዜማ ተመለሰች፤ በዚያ ፊልም የምትሞተው ሚስት ነበረች፣ በዚህ ግን የሚሞተው እርሱ ሆኖ ሴቲቱ ትተርፋለች። ሰንሰለቱ ለቦንድ ሴቶች ሞት የከፈለው ዋጋ ሁልጊዜ እጅግ ትንሽ ስለነበር፣ ይህ መለዋወጥ ከፊልሙ እጅግ ትክክለኛ ውሳኔዎች አንዱ ነው።

የፊልሙ ማሳረጊያ ጽሑፍ እንደ ቀድሞው ጄምስ ቦንድ ይመለሳል ይላል፤ ብዙዎች ይህን ከሞቱ ጋር የሚጋጭ አድርገው ወስደውታል። ስም፣ ቁጥርና አካል ከተለያዩ በኋላ ግን ጽሑፉ ተቃርኖ የለውም፤ የሚመለሰው ስሙ ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። «ካዚኖ ሮያል» ታሪኩን ከመነሻው ሲጀምር ጁዲ ዴንችን ከብሮስናን ዘመን እንደ ኤም ይዞ በመሻገር በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ድልድይ ትቶ ነበር። በየካቲት 2025 የፈጠራ ሥልጣኑ ሰንሰለቱን ሲያመርት ከኖረው ከብሮኮሊ ቤተሰብ ወደ አማዞን ኤምጂኤም ተላልፎ፣ በኋላም ዴኒ ቪልነቭ ለሚቀጥለው ፊልም በአዘጋጅነት ተመርጧል፤ የሚመጣው ተዋናይ በክሬግ ፊልሞች የቦንድ ባልደረቦች ሆነው የተጫወቱትን ራልፍ ፋይንስን ወይም ቤን ዊሾን በቀድሞ ሚናቸው ቢያገኛቸው፣ ሁለቱም የሞተን ሰው የሚያውቁ ገጸ ባሕርያት ይሆኑበታል።