የኮምፒውተርን ማንቂያ ድምፅ ስለ መግራት

ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የሚመጣው የማንቂያ ድምፅ ጆሮን የሚያውከው ከመጠን በላይ ስለሚጮህ ብቻ ሳይሆን አነሳሱ ድንገተኛ፣ ቅንብሩም ሻካራ ስለሆነ ነው፤ በመሆኑም የድምፁን መጠን መቀነስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የዚህ ሻካራነት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ በቀረበው አይቢኤም ፒሲ ላይ በግልጽ ይታያል። የኮምፒውተሩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያወጣ የነበረው ስኩዌር ዌቭ የሚባለውን፣ ማለትም ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደረጃ በአንድ ጊዜ የሚዘል ሞገድ ነበር። እንዲህ ያለው ሞገድ ከመሠረታዊው ድምፅ ሌላ ሦስትና አምስት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ የሚርገበገቡ ተደራቢ ድምፆችን ይይዛል፤ መሠረቱ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለትም 1,000 ሄርዝ ከሆነ፣ ተደራቢዎቹ 3,000 እና 5,000 ሄርዝ አካባቢ፣ የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ በሆነበት ክልል ያርፋሉ።

የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያዎችን ያጠናው ሮይ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ለብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ባዘጋጀው መመሪያ፣ ድምፁ ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲነሳ፣ ጉልበቱም በአካባቢው ጫጫታ መካከል መሰማት ከሚጀምርበት ደረጃ ከ15 እስከ 25 ዴሲቤል ብቻ እንዲበልጥ መክሯል፤ የደነገጠ ሰው አደጋውን ከማጤን ይልቅ ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት ይጣደፋልና።

ይህ ምክር በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ዊንዶውስ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክስተት የዋቭ ፋይል ለመምረጥ ስለሚፈቅድ፣ ባለሙያው በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም መነሻውን አለስልሶ፣ ርዝመቱን ከግማሽ ሰከንድ በታች አሳጥሮ፣ መጨረሻውንም ቀስ በቀስ አደብዝዞ ሊያስገባ ይችላል። እንደ ዋሽንት ያሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ በተፈጥሮው ቀስ ብሎ ሊነሳ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ይመቻል። የተመረጠው ድምፅ ግን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሳይሆን በሚሠራበት ማጉያ መፈተን አለበት፤ ትናንሽ ማጉያዎች ወፍራም ድምፆችን አጉልተው ስለማያሰሙ፣ በማዳመጫ ያማረው ማንቂያ በእነርሱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ድምፅን ከክስተቱ ክብደት ጋር ማዛመድ ነው። ደጋግሞ የሚመጣ መልእክት እጅግ ቀላሉን ድምፅ ወይም ዝምታን ይሻል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ሲል የሚሰማው ግን በቅኝቱም በምቱም ከሌሎቹ ሊለይ ይገባል። ሁሉም እኩል ሲጮሁበት ተጠቃሚው ተማርሮ ሁሉንም ያጠፋል፤ ከእነርሱም ጋር የሚያስፈልገውን አንዱን ማስጠንቀቂያ ያጣል።