ለጎጃም መንገድ የሚሆን የውድድር ብስክሌት

የጎዳና ውድድር ብስክሌት ሲገጣጠም ሦስት ፍላጎቶች ይሻማሉ፤ አየርን በቀላሉ መሰንጠቅ፣ መቅለልና ለመሪ መታዘዝ። ለአየር ተብሎ የፍሬሙ ቱቦ ሲሰፋና ቸርኬው ሲጠልቅ ክብደት ይጨመራል። ክብደት ለመቀነስ ካርቦኑ ሲሳሳ ፍሬሙ ይላላል። መሪው እንዲረጋ ጎማው ሲወፍር ደግሞ ሁለቱም እንደሚጎዱ ይታመናል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን ሽሚያ የሚፈቱት በዋናነት ለአውሮፓ መንገድ ነው። ከአባይ በረሃ ወጥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ የሚደርሰው መንገድ ግን የራሱ ከፍታ፣ የራሱ ዳገትና የራሱ አስፋልት አለው። ስለዚህ እዚህ የሚወዳደር ብስክሌት ሲታሰብ ቅደም ተከተሉ መለወጥ አለበት እላለሁ። መጀመሪያ መሪ፣ ጎማና ፍሬን፣ ቀጥሎ የተወዳዳሪው አቀማመጥ፣ ከዚያ ክብደት ይምጣ። የፍሬሙ አየር ሰንጣቂነት የመጨረሻው ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው ወደ አየሩ ነውና ከእሱ ልጀምር። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚጋልብ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚበላበት አየር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ተቃውሞው የሚወሰነው በፍጥነት ብቻ ሳይሆን አየሩ በታመቀበት ወይም በሳሳበት መጠንም ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቡሬ 2000 ሜትርን ታልፋለች፤ ደብረ ማርቆስ ወደ 2450 ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። አንድ ፍሬም በፈረንሳይ ሜዳ 10 ዋት የሚያተርፍ ከሆነ፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም መካከል በዚያው ፍጥነት የሚያተርፈው 8 ዋት ያህል ነው ማለት ነው። ተወዳዳሪው በቡድን መሐል ተጠልሎ ሲጋልብ ደግሞ ይህም ይቀንሳል። የሳሳ አየር ጥቅም አዲስ ግኝት አይደለም። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው እስከ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ ነው። ከተማዋ ያለችበት 2240 ሜትር ገደማ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ከፍታ መካከል የሚውል ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መርክስ የተጠቀመው እስኪቻል ድረስ የቀለለ፣ ስድስት ኪሎ የማይሞላ ብስክሌት ነበር። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1984 በዚያችው ከተማ ክብረ ወሰኑን ወደ 51.151 ኪሎ ሜትር ሲያደርሰው ግን የጋለበው ከመርክሱ የሚከብድ፣ ሽቦ የሌለው ድፍን ቸርኬ የተገጠመለት ብስክሌት ነው። በሳሳው አየር ውስጥም ቢሆን አየር መሰንጠቅ ቅለትን አሸነፈ ማለት ነው። ይህን አልክድም፤ ሜዳ ላይ አየር ከክብደት እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ሆኖም የሁለቱም ፈተና የተካሄደው በትራክ ላይ ነው። ትራክ ዳገት የለውም፣ ጉድጓድ የለውም፣ ድንገት የሚያቋርጥ ከብት የለበትም፤ የትራክ ብስክሌት ፍሬን እንኳ አይገጠምለትም። የሞዘር ድል የሚያስተምረን ሦስተኛው ፍላጎት፣ ማለትም ለመሪ መታዘዝ፣ ከሒሳቡ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ነው። ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም ድረስ መንገዱ ወደ ወንዝ እየወረደ፣ መልሶ እየወጣ፣ በየከተማው መግቢያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እየተሻገረ ስለሚሄድ ያ ፍላጎት ከሒሳቡ ሊወጣ አይችልም።

ለአየር መደረግ ያለበት ትልቁ ሥራ ከብስክሌቱ ይልቅ በሰውየው ላይ ነው። አየሩ ከሚፈጥረው ተቃውሞ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከተወዳዳሪው ገላ የሚመጣ ነው። አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን በ24.5 ኪሎ ሜትር የሰዓት ሙከራ ሎራን ፊኞን ቀድሞ አጠቃላይ ውድድሩን በ8 ሰከንድ ብልጫ ሲያሸንፍ፣ ክንዶቹን አቅርቦ ወደፊት የሚያዘረጋ መሪ ተጠቅሞ ነበር። በጎዳና ውድድር እንዲህ ያለ መሪ አይፈቀድም። ክርንን አጥፎ ግንባርን ዝቅ ማድረግ፣ ማሊያው በነፋስ እንዳይነፋ በልክ ማሰፋት፣ የደረት ቁጥሩን አጥብቆ መለጠፍ ግን በጣም ውድ ከሆነው ፍሬም የበለጠ ዋት ያተርፋሉ፤ ወጪያቸውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ችግሩ ዝቅ ያለ አቀማመጥ ለሰዓታት የሚያዘው ኮርቻውና መሪው ለሰውየው ቁመት ሲለኩ ብቻ መሆኑ ነው። ከልኩ በላይ በረዘመ ፍሬም ላይ የተቀመጠ ልጅ ወገቡን ሲያመው ቀና ይላል፤ ቀና ሲል ያ ሁሉ የካርቦን ጥበብ ዋጋ ያጣል።

ወደ ክብደት ስንመጣ ጎጃም ጥሩ መለኪያ አለው። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 1400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያስወጣል። 62 ኪሎ የሚመዝን ተወዳዳሪ በ8 ኪሎ ብስክሌት፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዞ 250 ዋት ሳያቋርጥ ቢገፋ፣ ለመውጣት ከ1 ሰዓት ከሩብ ብዙም አይርቅም። በብስክሌቱ ላይ አንድ ሙሉ ኪሎ ቢጨመርበት የሚያጣው 55 ሰከንድ ገደማ ነው። በውድና በርካሽ ካርቦን ፍሬም መካከል ብዙ ጊዜ ያለው የ300 ግራም ልዩነት ደግሞ በዚያ ሁሉ ዳገት ላይ ከ20 ሰከንድ ያነሰ ይሆናል። በዚያ ቀርፋፋ ፍጥነት የአየሩ ድርሻ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ፣ በዳገት ላይ ክብደት ከአየር መቅደሙ የታወቀ ነው። ልጆቻችን ቀላሎችና የዳገት ሰዎች ስለሆኑ ክብደት ይቅደም የሚሉ ሰዎች አንድ እውነት አላቸው። 8 ኪሎ ብስክሌት 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የገላውን 13 በመቶ ይሆናል፤ 78 ኪሎ ለሚመዝን አውሮፓዊ ግን 10 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅለት ለእኛ ልጅ ይበልጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት በውድድር እንዳይገባ ስለከለከለ የቅለት መንገድ ወለል አለው፤ ከ8 ኪሎ እስከዚያ ወለል ያለው ትርፍ በአባይ ዳገት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። አንዲት የፈነዳች ጎማ፣ ተከታይ መኪናው ወደኋላ ከቀረ፣ ከዚያ በላይ ትወስዳለች።

ከሁሉ አብልጬ የምጨነቅበት፣ በግዢ ጊዜ ግን ማንም የማይጠይቀው ነገር መሪው ነው። አንድ ብስክሌት በመሪ የሚታዘዘው እንዴት እንደሆነ የሚወስን ትሬል የሚባል ልኬት አለ። የመሪውን ዘንግ በሐሳብ እስከ መሬት ብናስረዝመው መሬት የሚነካበት ነጥብ የፊት ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ይቀድማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትሬል ነው። በመካከለኛ ቁመት ፍሬም ላይ የዘንጉ ማዕዘን 73 ዲግሪ፣ ጎማውን የያዘው ሹካ ከዘንጉ ወደፊት የሚወጣው 45 ሚሊ ሜትር፣ ጎማውም 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ትሬሉ 56 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሲጠየቅም ይታጠፋል። አጭር ሰው ሲሆን ፋብሪካው የእግሩ ጣት ከፊት ጎማው ጋር እንዳይጋጭ ብሎ ዘንጉን ወደ 71 ዲግሪ ያጋድመዋል። ብዙ ጊዜ ግን ሹካውን አይለውጥም፤ ለእያንዳንዱ ቁመት የተለየ ሹካ ማውጣት ወጪ ነውና። ያኔ ትሬሉ ወደ 68 ይዘላል። ይህ 12 ሚሊ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በዳገት ላይ ግን ፍጥነት ሲቀንስ የፊት ጎማው ወደ ጎን ይወድቃል፣ በቁልቁለት ኩርባ ደግሞ መሪው ይከብዳል። ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ጎበዝ ልጅ ኩርባ ይፈራል ከመባሉ በፊት የብስክሌቱ ትሬል ይለካ። ወደፊት 50 ሚሊ ሜትር የሚወጣ ሹካ ቢገጠምለት ልኬቱ ወደ 63 ይመለሳል። በዚህ ላይ ጥልቅ ቸርኬ ከተጨመረ ከጎን የሚመታው ነፋስ መሪውን ይነጥቃል፤ ቀላል ልጅ ደግሞ ከከባዱ ይልቅ ይናጣል። ዛፍ በሌለበት የደጋ ሜዳ ላይ 60 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የፊት ቸርኬ ለ55 ኪሎ ልጅ የሚሰጠው አደጋን ነው።

ጎማው የመሪው ሌላ ግማሽ ነው። ጎማ በተነፋ ቁጥር ይፈጥናል የሚለው እምነት በየጥገና ቤቱ ሥር ሰዷል፤ እውነት የሚሆነው ግን እንደ መስታወት በለሰለሰ መንገድ ላይ ነው። የአባይ በረሃ አስፋልት መሬቱ እየተንሸራተተና በከባድ መኪና እየተጫነ የተጣመመ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ጠጠር ያፈጠጠበትና የተጣፈ ቦታ ሞልቷል። በዚህ ላይ ከመጠን በላይ የተነፋ ቀጭን ጎማ እያንዳንዱን ጠጠር ሲዘል ብስክሌቱንና ሰውየውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ወደፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት በንቅናቄ ይባክናል። 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ጎማ ለ60 ኪሎ ሰው 60 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ቢነፋ ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፣ ኩርባ ላይ መሬቱን ይይዛል፣ ቸርኬውንም ከጉድጓድ ጠርዝ ያድናል። የሚጨምረው ክብደት በጥንድ ከመቶ ግራም ብዙም አይርቅም፤ በአባይ ዳገት ላይ ስድስት ሰከንድ ያህል ማለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ቸርኬውን በሚጨምቅ ፍሬን ስንወርድ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ቸርኬው ይገባል፤ ቸርኬው ካርቦን ከሆነ የሚያጣብቀው ሙጫ ሊለሰልስ፣ የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። ዓለም አቀፉ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ለጎዳና ውድድር በይፋ ያጸደቀው ዲስክ ፍሬን ሙቀቱን ከጎማው ያርቃል፤ በክብደት ግን ያስከፍላል። እኔ ያን ክብደት ሳላመነታ እከፍላለሁ።

ታላላቆቹ ቡድኖች በነፋስ መፈተኛ ዋሻ ለክተው አየር ሰንጣቂ ፍሬም የመረጡት በከንቱ ነውን? ማይጨው ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የሠራበት ዓለም ያው አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የእነዚያ ብስክሌቶች አካሄድ ውስጥ አለ። የብስክሌት ፋብሪካው ስፔሻላይዝድ ቬንጅ የተባለውን አየር ሰንጣቂ ሞዴሉን እ.ኤ.አ. በ2020 ታርማክ በተባለው ሞዴሉ ጠቅልሎታል፤ ትሬክም እ.ኤ.አ. በ2024 ቀላሉን ኢሞንዳና አየር ሰንጣቂውን ማዶን አንድ አድርጓል። ለአየር ብቻ ወይም ለቅለት ብቻ የተሠራው ብስክሌት በአውሮፓም ቦታውን እየለቀቀ ነው፤ ጎማቸውም እየወፈረ ሄዷል። በዚያ ላይ እነርሱ ከኋላቸው መለዋወጫ ጎማ የጫነ መኪና ይከተላቸዋል። የእኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ብስክሌት ነው፤ በእሷው ይለማመዳል፣ በእሷው ይወዳደራል።

ስለዚህ ለክለብ ወይም ለወረዳ ቡድን ብስክሌት የምትገዙ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በጨረታ ሰነዱ ላይ ካርቦን መሆኑንና ክብደቱን ብቻ አትጻፉ። የእያንዳንዱን ልጅ ቁመትና የእግር ርዝመት አስቀድማችሁ ለክታችሁ የፍሬሙን መጠን ጻፉ፤ ትሬሉ ከ63 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ፍሬሙ 30 ሚሊ ሜትር ጎማ እንዲያስገባ፣ ፍሬኑ ዲስክ እንዲሆን፣ የቸርኬው ጥልቀት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ጻፉ። በተረፈው ገንዘብ መለዋወጫ ጎማና ግፊት የሚለካ ጥሩ ፓምፕ ግዙ።